ባዶው ሳህን ሦስት ኪሎ የመዘነ ዕለት

ከጎንደር የወጣሁበት ሌሊት ዝናብ ነበር። የአሥመራው አውቶቡስ ጎህ ሳይቀድ ስለሚነሣ ማንም አልተኛም። እናቴ በርበሬውን በጨርቅ ላይ ጨርቅ እየደረበች ትቋጥራለች። አባቴ፣ የደብራችን መሪጌታ፣ ጥጋቸውን ይዘው ቋጠሮውን ሲያዩ ቆዩና፣

«የምትሄጂበት አገር ሰው ይጾማል?» አሉኝ።

«እንጃ አባባ። ማሽን ሲሠሩ ግን አንደኛ ናቸው ይላሉ።»

«ማሽኑስ ይጾማል?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ።

ፊደል የቆጠርኩት ከእርሳቸው እግር ሥር ነው። አስኳላ የገባሁት ግን እኩዮቼ በተዳሩበት ዕድሜ ነበርና አንደኛ ክፍል ወንበሩ አልበቃኝ ብሎ ግድግዳ ተደግፌ እማር ነበር። ከዚያ አዲስ አበባ ወርጄ የሬዲዮ ጥገና ተማርኩ፤ ከዚያም ይኸው ለጀርመን አገር ትምህርት ተመረጥኩ። ደባርቅ ስንደርስ ነጋ። ሊማሊሞን ስንወርድ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ከአሥመራ በተሳፈርኩበት አውሮፕላን ላይ ግን አልጨፈንኩም፤ ከሊማሊሞ በኋላ ምን ያስፈራል?

ብርዱን ደባርቅ ላይ የማውቀው መስሎኝ ነበር። የደባርቅ ብርድ ግን ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል፤ የዚህ የጀርመኑ አያፍርም። ጥቁር ዳቦአቸው ሲኮመጥጠኝ እንጀራ ያገኘሁ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ከዚያ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ሆዴ ላይ ተቀመጠ። አውቶቡስ ውስጥ ሽማግሌ ሲገባ «ኖር» ብዬ ብድግ ስል፣ መውረጃዬ የደረሰ እየመሰላቸው ሁሉም መንገድ ይለቁልኛል። አከራዬ ፍራው ሊንደ ደግሞ ገና ሽሮ ስጥድ በሬን ታንኳኳለች። ያላገባችን ሴት እዚህ «ፍሮይላይን» ነው የሚሏት።

«ፍሮይላይን፣ ቤቴ ውስጥ ምን ተቃጠለ?»

«አልተቃጠለም፤ እየበሰለ ነው።»

«ሲበስል እንዲህ ከሆነ፣ ያረረ ዕለት እሳት አደጋ ልጥራ?» ትልና መስኮቱን ትከፍታለች። ሽሮዬም እኔም እንቀዘቅዛለን።

ትምህርቱን ስጨርስ አንዲት ትንሽ የሚዛን ፋብሪካ ለሙከራ ቀጠረችኝ። የመኖሪያ ፈቃዱን ለመጠየቅ ሄድኩ። ሹሙ ቀና ብሎም አላየኝ።

«ምን ይሠራሉ?»

«ሚዛን። ክብደቱን በቁጥር የሚያበራ።»

«አገርዎ ሚዛን የለም?»

«አለ። የሚዋሸው ነጋዴው ነው፤ ሚዛኑ አይዋሽም።»

«የእኛስ?»

«የእናንተው ራሱ ሚዛኑ ይዋሻል። ለዚያ ነው የቀጠሩኝ።»

አልሳቀም። ማኅተሙን መታና፣ «ሙከራው አልቆ ድርጅቱ ካልፈለገዎት፣ ወደ አገርዎ ይመለሳሉ» አለኝ። መመለስማ ሌት ተቀን እመኘው የለ? ግን «አልሆነችም» ተብሎ ነው የምመለሰው? ያቺ ግድግዳ ተደግፋ የተማረች ልጅ?

የሚዛኑ ሕመም እንዲህ ነው። ሳህኑ ሥር ያለው ብረት ክብደት ሲያርፍበት ለትንፋሽ የቀረበ ቀጭን ኤሌክትሪክ ያወጣል። ኮንቨርተር የሚሉት ዕቃ ያንን ተቀብሎ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ ቁጥሩንም መብራቶች ያሳያሉ። የመጨረሻዋ አኃዝ ግን አንዴ አራት፣ አንዴ ሰባት፣ አንዴ ሁለት እያለች ትዘላለች። አለቃዬ ሄር ፎግል ኮንቨርተሩን ሁለቴ ለውጦታል፤ እርሷ መዝለሏን አልተወችም።

የሽቦዎቹን ንድፍ ሳየው የእናቴ ጓዳ መጣብኝ። ኤሌክትሪክ ሥራውን ሠርቶ የሚመለስበትን መስመር እዚህ ማሴ ይሉታል። መብራቶቹ እየበሩና እየጠፉ የሚለቁት ጉልበት ያ ትንፋሽ በሚመለስበት በዚያው ሽቦ ይመለሳል። የፍስኩን ወጥ ባማሰሉበት ማማሰያ የጾሙን ወጥ ማማሰል ማለት እኮ ነው! ቅቤው ይነካዋላ!

እንግዲህ የእናቴ ልጅ አይደለሁም? ለየሁት። ለሳህኑ ወገን የራሱን የኃይል ምንጭና የራሱን መመለሻ፣ ለመብራቱ ወገን የራሱን። ንክኪ የሚባል ነገር አላስቀረሁም። ኮራሁና ሄር ፎግልን ጠራሁት። አበራነው። ባዶው ሳህን ሦስት ኪሎ መዘነ፤ ወዲያው አምስት፤ ወዲያው ከዜሮ በታች።

«ፍሮይላይን፣ ሳህኑ ላይ ማን ነው የተቀመጠው?»

«የእኛ አገር ሰይጣን ይሆናል፤ ተከትሎኝ መጥቶ» አልኩት።

«ፈቃድ አለው?»

ሳቅን። የሙከራዬ ማብቂያ ግን ደርሶ ነበር።

እርሱ ሲወጣ የመለኪያውን አንድ ጫፍ በአንደኛው ማሴ፣ ሌላውን ጫፍ በሁለተኛው ላይ አሳረፍኩ። ሁለቱ መመለሻዎች አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ እያሉ ይዋልላሉ። ኮንቨርተሩ አንድ እግሩ በዚህ፣ አንድ እግሩ በዚያ ነው፤ በሁለት ጀልባ ላይ የቆመ ሰው በምን ልኬት ይመዝናል? ድስት ይለያያል እንጂ ምድጃውማ አንድ ነው። እናቴም ድስቶቹን እንጂ ቤቱን ለሁለት አልከፈለችውም። ኮንቨርተሩ እግር ሥር አንድ አጭር፣ ወፍራም ሽቦ በየድኩ፤ ሁለቱ የሚገናኙት እዚያች ነጥብ ላይ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። ድንገተኛውን ንዝረት የምትውጥ ትንሽ ካፓሲተርም እዚያው አጠገብ፣ እግሯን አሳጥሬ አስጠጋሁ።

አበራሁት። ዜሮ። ከቦርሳዬ የበርበሬዋን ቋጠሮ አውጥቼ ሳህኑ ላይ አኖርኩ። ቁጥሩ መጣና ቆመ። የመጨረሻዋም አኃዝ እንደ ቅዳሴ አስቀዳሽ ቀጥ አለች። ሄር ፎግል ተመልሶ መጣ፤ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው፤ መብራቱን ሁሉ አጥፍቶ አበራ፤ ንቅንቅ የለም። መነጽሩን አውልቆ እጁን ዘረጋልኝ። ኩራት ኃጢአት ነው ብለው አባቴ ቢያስተምሩኝም፣ ያን ዕለት ኮርቻለሁ፤ ዛሬም ስጽፍላችሁ እኮራለሁ። ያ ሚዛን አሁን በየመድኃኒት ቤቱ አለ፤ ባለፍኩ ቁጥር በመስኮት አየዋለሁ።

ሹሙ የሦስት ዓመት ፈቃድ ጻፈልኝ።

በቀጠሯችን ቀን አባቴን ጎንደር ቴሌ አስጠርቼ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ሸጋ! ሸጋ ነው ልጄ!» አሉ፤ እዚያ ላሉት ሰዎች ዘወር ብለው ሲናገሩም ሰማሁ፤ «ሚዛኑን አስተካከለችላቸው!» ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲህ ሥራውን ጨርሰሻል። ለፋሲካ ትደርሻለሽ?» አሉኝ።

ሦስት ዓመት የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«መስመሩ ነው አባባ፤ ይጮኻል፤ አልሰማዎትም» አልኳቸው።

መስመሩ እንደዚያን ዕለት ጠርቶ አያውቅም። ትንፋሻቸው ሳይቀር ይሰማኝ ነበር።