ቅድመ አያቴ ለገሃር የቆሙባት ቀን

ዛሬ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አስለቀሰኝ።

አፍንጮ በር ያለውን የእናቴን ቤት ብቻዬን ሳጸዳ የቅድመ አያቴን ደብተር አገኘሁ። ከጣልያን በፊት አራዳ ሱቅ ውስጥ ጸሐፊ ነበሩ፤ እንግሊዝኛ የተማሩት በራሳቸው ነው።

አንድ ገጽ ሙሉ «ፒክ አፕ» ብቻ! (እኛ ሰፈር መኪና ነው።)

«ማንሳት፦ ነፋስ የጣለውን ባርኔጣዬን አነሳሁ» ይላል። ቀጥሎ «መልመድ፦ ቋንቋውን ከደንበኞች እየሰማሁ ለመድኩ።»

የመጨረሻው ትርጉም «ሄዶ መቀበል» ነው። ምሳሌው እንዲህ ይላል፦ «በባቡር ለገሃር ስደርስ የሚቀበለኝ ስላልነበረ፣ እኔው እንግዳ የምቀበል መስዬ ቆምኩ።»

እኔም ባለፈው ሳምንት ከመንገድ ስመለስ ቦሌ ላይ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ እንዲሁ ቆሜ ነበር። ማንም አልደወለልኝም።

እናንተስ፣ የሚቀበላችሁ ያጣችሁ ቀን ምን መስላችሁ ቆማችሁ?