«የታወቀ ነው»

ሰሞኑን ሳቢያን ሰፈር በሚገኘው ቤታችን ደጃፍ አንድ ባጃጅ ሞተሩን እያንተፋተፈ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ሰማሁና፣ የያዝኩትን ሥራ ትቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ልጅ ሳለሁ የአባቴ ባጃጅ እንዲሁ ነበር የሚሰማው፤ የሌሎቹ ድምፅ መጥቶ ወዲያው ሲጠፋ፣ የእሱ ገና ከመታጠፊያው ጀምሮ እየቀረበ፣ እየቀረበ ይመጣ ነበር።

በግንቦት ሙቀት እናቴ ታይዋን ገበያ ያለውን የልብስ ሱቋን ቀደም ብላ ዘግታ ትመጣና፣ ግቢው ውስጥ ጥላ ፈልገን እንቀመጥ ነበር። አንድ ቀን አዲሷ ተከራይ እትዬ ዘነቡ፣ አባቴ ባጃጁን ሲያስገባ አይተው፣ «ያንቺ ባል ኖሯል እንዴ? እሱማ የታወቀ ነው» አሉና ሳቁ። እናቴ አፏን የፈታችው በሶማሊኛ ነው፤ አማርኛን የለመደችው ሸሚዝ እየሸጠች ሲሆን፣ በገበያ ደግሞ ይህ ቃል ብቻውን አይመጣም፤ የታወቀ ሌባ፣ የታወቀ ውሸታም ነው የሚባለው። «በምን?» ብላ መጠየቅ ኩራቷ አልፈቀደላትም።

ማታ እኔን ጠየቀችኝ። በክፍሌ በአማርኛ የሚስተካከለኝ አልነበረምና፣ እንደ ዘፋኝ ማለት ነው፣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል ብዬ አስረዳኋት። እንደ ሶማሌ እናቶች ሁሉ እኔንም «ሆዮ»፣ ማለትም «እናት»፣ እያለች ነበር የምትጠራኝ።

«ያ ታዋቂ ነው፣ ሆዮ። የታወቀ ሌላ ነው» አለችኝ። «ታዋቂ ሲሉ አይስቁም።»

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሰላም አጣ። ሸሚዙን ከማጠቧ በፊት ታሸተው ነበር፤ ማንን ጭኖ እንደዋለ፣ ለምን እንደቆየ ትጠይቀው ነበር። አባቴ ደግሞ ለወሬ የማይመች ሰው ነበርና «ሰው ነዋ የምጭነው» ብሎ ዝም ይል ነበር፤ ዝምታውም ነገሩን አባሰው። ጥርጣሬዋ ወደ እኔም ተጋባ። አንዲት ሴት በመንገድ ላይ ፈገግ ብላ ሰላም ካለችው፣ ከዓይኔ እስክትጠፋ አፍጥጬባት እቀር ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ከተተችና ጅግጅጋ እናቷ ዘንድ እንደምትሄድ ነገረችኝ፤ ይዛኝ ትሂድ፣ ትተወኝ ግን አልነገረችኝም። በጣም ፈራሁ፤ አባቴንም ጠላሁት።

ሌሊቱን ዘንቦ ባባራበት ጠዋት ቀፊራ ገበያ ለመንገዷ ስንቅ ልንገዛ ሄደን ሳለ፣ የአባቴን ባጃጅ አየነው። ከኋላው አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች። እናቴ እጄን ጨብጣ ሌላ ባጃጅ አስቆመችና ያንን እንዲከተልላት ጠየቀችው፤ ሚስቱ መሆኗን ግን አልነገረችውም።

«እሱንማ ለመከተል መቆም ነው ያለብን፣ እናት» አለ ሾፌሩ ልጅ እየሳቀ። «ኤሊው እኮ ነው፣ የታወቀ ነው። የቸኮለ ሰው አይሳፈርበትም። ነፍሰ ጡሮቹ ግን ከእሱ ሌላ አይሉም፣ ወላሂ።»

አሻግረን ስናይ፣ አባቴ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ አጠገብ ሲደርስ ቆም ብሎ፣ ዞር ብሎ ሴትየዋን አንድ ነገር ከነገራት በኋላ፣ እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ ብሎ አለፈው። ሴትየዋ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። እናቴ በሻሿ አፏን ሸፍና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። የዚያን ዕለት ማታ ልብሷን ከሻንጣው አውጥታ ወደ ቦታው መለሰች፤ አባቴ መጠርጠሩንም ሳያውቅ ኖረ።

ዛሬ በደጃፋችን የሚያልፉት ባጃጆች ይበርራሉ፤ ልጁም አዋቂውም በስልክ ታዋቂ ለመሆን ይሯሯጣል። እናቴ ግን እከሌ የታወቀ ነው ባሏት ቁጥር፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ «በምን?» ማለቷን አልተወችም።

አምና አባቴ ሲሞት ለለቅሶ ከመጡት መካከል አንዲት የማናውቃት ሴት፣ ቁመቱ የበለጣትን ልጇን አስከትላ እናቴ አጠገብ ተቀመጠችና፣ «የታወቀ ሰው ነበር» አለቻት። እኔ ያቺን ጥያቄ ጠበቅኩ። እናቴ ልጁን ቀና ብላ አየችውና፣

«አውቃለሁ» አለች።