ሲንቄዋን ቀድማ ያጋደመችው

የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ዓይን ያስለቅሳል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከላይ አንዲት ጠባብ መስኮት። ሴቶች ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል። ፖሊሱ ከኋላዬ «እማማ፣ ይግቡ እንጂ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ለጋ ልጅ ነው፤ እናቱን ያስታወሰ መሰለኝ። ገባሁ።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ፣ አዲስ አበባን በእኛ መሬት ላይ ሊያሰፉ ነው የተባለበት ጊዜ ነው። ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ተኩስ በሰማን ቁጥር ልጆቻችንን በየስማቸው እንጣራለን። በዚህ መሃል ከሰበታ በላይ ወዳለው ጫካችን፣ ወታደር ያጀባቸው ሰዎች የሞተር መጋዝ ይዘው መጡ። ሰው ሁሉ በግርግሩ ተይዟል፣ ማን ያየናል ብለው ይሆናል። ጫካው ከአባቶቻችን የመጣ ነው። ዝግባው ላይ ቀፎ እንሰቅላለን፤ የወደቀውን ጭራሮ እንለቅማለን፣ እርጥቡን አንነካም። የምንጠጣው ምንጭ ከሥሩ ነው የሚወጣው። ጉሬዛዎቹም አሉ፤ ጠዋት ጠዋት ይንጫጫሉ። ታዲያ ማስተር ፕላኑ ሲወጣ ይህን ሁሉ ባዶ ቦታ ብሎታል አሉ።

ወንዶቹ ቢወጡ ይገደላሉ። ስለዚህ ሴቶቹ ሲንቄያችንን ይዘን ወጣን። ሲንቄ በኦሮሞ ወግ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ሰው አይመታባትም። ባለትዳር ሴቶች እየጮኹ ወጥተው ሲንቄያቸውን መንገድ ላይ ካጋደሙ፣ ያንን የሚሻገር ወንድ አይገኝም፤ ነውር ነው። መጋዝ የያዙት ልጆች ያገር ልጆች ነበሩና ቀጥ አሉ። አንዱማ መጋዙን መሬት አስቀምጦ ፊቱን አዞረ። ወታደሮቹ ግን ወጉን ከየት ያውቁታል? ዱላ ይዘው መጡብን አሉና ከፊት ያገኙትን አፈሱ።

እዚያ መጋዘን ውስጥ፣ ከመስኮቷ ሥር፣ ደህናው ቦታ ላይ የተቀመጠችው የማዶዋ ጎረቤቴ ነበረች። ከእኔ በፊት ነው ያስገቧት። ረጅም ናት፣ መልከ ቀና። «አከም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ?» አለችኝ፣ ከፍ ብላ፣ እንደ ባለቤት። አጠገቧ ያለች ተማሪ ደግሞ ወደ እኔ ዞራ፣ እንደ አያት ጠርታኝ፦

«አኮ፣ እኚህን ያውቋቸዋል? ሲንቄያቸውን ቀድመው ያጋደሙት እሳቸው ናቸው እኮ!»

ቀድሜ የጮኽኩት እኔ፣ ቀድሜ ያጋደምኩት እኔ! በወጉስ ታላቅ እያለች ታናሽ ትጀምራለች? ታርመዋለች ብዬ አየኋት። ነጠላዋን አስተካከለች።

በዚያ ቤት ሌላ ወሬ የለም። ልጆቹ ፀጉሯን ይሠሩላታል፤ «እስቲ ይድገሙልን» ይሏታል፤ እሷም ትደግማለች። «ከዚያ እኔ ወደ ፊት ስል…» ትላለች። እኔ በሩ ጋ፣ ከሽንት ባልዲው አጠገብ ተቀምጬ እሰማለሁ። በደገመችው ቁጥር እኔ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ስል፣ መጨረሻ ላይ ጭራሽ ከጫካው ወጣሁ።

አንድ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ሲንቄዎቻችን ጥግ ላይ ከድንጋይና ከቆመጥ ጋር ተከምረዋል።

«እማማ፣ እርስዎን ልንለቅዎ ነው» አለኝ። «የጀመረችው ያቺ ረጅሟ ሴትዮ ናት፣ አይደል? አዎ ይበሉኝና ቤትዎ ይግቡ። እሷ ወደ አዲስ አበባ ትላካለች።»

ወደ አዲስ አበባ የተላከ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም ነበር። እሷ ደግሞ አልጋ የያዘ ባል አላት። ባሏን አስቤ ነው እንዳልል፣ ያን ጊዜ ትዝም አላለኝ።

«እሷ?» አልኩት። «እሷ መች ጀመረችና! እኔ ነኝ።»

«ይቀልዳሉ?»

«የምን ቀልድ! እኔ ስጮህ እሷ ገና ነጠላዋን ትፈልግ ነበር። ጥራትና ጠይቃት።»

ጠራት። ገና ከበሩ ስትገባ «እኔ ነኝ» አለች።

«ለምን ትዋሺያለሽ?» አልኳት።

«አንቺ ዳገቱን ወጥተሽ ሳትጨርሺ እኔ አጋድሜ ቆሜያለሁ!» አለችኝ። ዕድሜ ልኳን አንቱ የምትለኝ ሴት ናት፤ እዚያ አንቱታውን ጣለችው። እኔን ልታድን ይሁን ወጌን ልትወስድብኝ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በር ላይ የቆመው ፖሊስ አፉን በመዳፉ ያዘ። መርማሪው ጠረጴዛውን መታ። «ሰው ከጥፋቱ ይሸሻል፣ እናንተ ትሻሙበታላችሁ?»

«ዛፍ አትቁረጡ ማለት ነው ጥፋቱ?» አለችው።

ይህን እንኳ ደህና ተናገረች። እኔ ግን ወደ እሱ ጠጋ አልኩ። «ልጄ፣ እናትህ ቤት ታላቅ እያለ ታናሽ እንጀራ ይቆርሳል?»

«አይቆርስም» አለ፣ ሳያስበው።

«ከእሷና ከእኔ ታላቅ ማን ይመስልሃል?»

ሁለታችንንም አየን። ከዚያ ጻፈ። ሲጨርስ አሻራ ያድርጉ ብሎ ቀለሙን አቀረበልኝ። አንብብልኝ አልኩት። «ዱላ ይዤ ወጥቼ» የሚል አለበት።

«ዱላ የሚለውን አጥፋው። ሲንቄ በል። አለበለዚያ ጣቴን አልሰጥህም።»

ሰረዘና ጻፈ። እንደገና አስነበብኩት፤ ከዚያ ጣቴን ሰጠሁ።

እሷን የዚያኑ ዕለት ለቀቋት። እኔን አዲስ አበባ ወሰዱኝ፤ ክረምቱን እዚያ አሳልፌ ተፈታሁ። ስመለስ የጫካው የታች ወገን ተቆርጦ ባዶውን ቀርቷል፤ የላዩ ቆሟል። ሰበታ ላይ ዛሬም የሚወራው ስለ ረጅሟ ሴትዮ ነው። ሰርግ ቤት ፊት ያስቀምጧታል። አንድ ቀን ሰው ተሰብስቦ ሲያወድሳት ወደ እኔ ዞረችና «እሷም ነበረች» አለች። እሷም!

ባለፈው ሰሞን ከላይ፣ ከጫካው በኩል፣ የሴቶች ጩኸት ሰማሁ። መጋዝ መጥቶ ኖሯል። እኔ ዳገቱን አሁን አልሞክረውም። የምራቴ ሲንቄ ከተሰቀለበት የለም። በራፉን ተደግፌ አዳመጥኩ፤ ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ ከእኛ ይበዛሉ። ማን ጀመረች ብዬ አላፊውን ልጠይቅ አልኩና ተውኩት።

ብቻ ቀናሁ።