ከክታቡ የወጣው ወረቀት

የሱዳን ፖሊሶች ገዳሪፍ ላይ ያሰሩን የድሮ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነበር። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ከወለሉ ስንጥቅ የቀረ ሰሊጥ በእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል፣ የቆየ ዘይት ይሸታል። ሰባት ሴቶች ነበርን።

የያዙኝ ሻይ ከምሸጥበት ገበያ ነው፤ በድንበሩ መሬት በፋሽጋ ጠቡ በከረረበት ሰሞን። ድንበር ተሻግራ ታጣቂ የምታክም ነርስ ይፈልጉ ነበር። «ሻይ ሻጭ ነኝ፣ ፊደል አልቆጠርኩም» አልኳቸው። ሻይ መሸጤ እውነት ነው። ነርስ እንደነበርኩም እውነት ነው። ታጣቂ አክሜ እንደሆነ ግን ዛሬም አልናገርም።

አስተርጓሚያቸው የእኛው ሰው ነበር፣ የጎንደር ልጅ። ሻይ ለመሸጥ የምትበቃ አረብኛ ብቻ ያለችኝ ይመስለው ነበር።

አንድ ቀን ጧት አጠገቤ የምትተኛውን ልጅ ትኩሳት ያዛት። ከመተማ የመጣች ሰሊጥ አጫጅ ነች፤ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። የጤና ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ «መላሪያ!» ብሎ ሁለት ክኒን ወረወረላት። ለሁሉም የሚሰጠው እሱኑ ነው። ቀትር ላይ ከንፈሯ ጠቁሮ ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር። ልብሷን ስገልጥ በግራ ጎኗ ረጅም ጠባሳ አየሁ።

«ይኼ ምንድነው ልጄ?»

«ትራክተር ገጭቶኝ ጎንደር ወስደው ቀደውኛል፣ እትዬ።»

«ምንሽን አወጡ?»

«ክፉውን ነዋ! አሁንማ ድኛለሁ።»

«ወረቀት አልሰጡሽም?»

አንገቷን ነካች። «ከአንቺ እንዳይለይ ቢሉኝ ከክታቤ ጋር ሰፋሁት።»

ለሐኪም ሁሉ እንድታሳየው የሰጧትን ወረቀት ቆዳ ውስጥ ሰፍታ ይጠብቀኛል ብላ ይዛዋለች። ፖሊሶቹም ክታብ ስለሚፈሩ አልነኩባትም። «ከተፈታ ኃይሉ ይሄዳል» አለችኝ። «ኃይሉ ሲነበብ ነው» አልኩና ስፌቱን በጥርሴ በጠስኩት።

ላብ የበላው ወረቀት ነው። የሚነበበው አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ነበር፦ ስፕሌኔክቶሚ። ያስተማረችን ሲስተር «የሕክምና ቃል እንደ ዶሮ ነው፤ በየብልቱ አውጡት» ትል ነበር። ፊቱ የትኛው አካል እንደሆነ፣ ጅራቱ ምን እንደደረሰበት ይነግራል። ጅራቱ «አይቲስ» ከሆነ ተቆጥቷል፤ «ሜጋሊ» ከሆነ አብጧል፤ «ኤክቶሚ» ከሆነ ተቆርጦ ወጥቷል። «ስፕሌን» ጣፊያ ነው። ጣፊያ የሌለውን ሰው እንዲህ ያለ ትኩሳት በሰዓታት ሊገድለው ይችላል።

ወረቀቱን ካነበብኩላቸው የሚፈልጓት ነርስ እኔ ነኝ። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላስታውስም። ውሃ አጠጣኋት፣ አስመለሳት። ተነሥቼ በሩን ደበደብኩ።

መኮንኑ ከአስተርጓሚው ጋር መጣ።

«የዚህች ልጅ ጣፊያ ወጥቷል። አሁኑኑ ሆስፒታል ካልገባች ትሞታለች» አልኩ።

አስተርጓሚው ሳቀ። «ሻይ ሻጯ! ፊደል መቼ ቆጠርሽ?»

«ነርስነት ተምሬያለሁ፤ ጎንደር፣ ትምህርት ቤት። ንገረው።»

ወደ መኮንኑ ዞሮ በአረብኛ «ከታጣቂዎቹ ጋር ነው የተማርኩት ትላለች» አለው።

«እንደሱ አላልኩም» አልኩ፣ እኔም በአረብኛ። ወረቀቱን ለመኮንኑ ዘርግቼ ቃሉን በጥፍሬ ለሁለት ከፍዬ አሳየሁት። የልጅቷን ከንፈር አየ። «ኸላስ፣ በቃ፣ አውጧት» አለ።

በብርድ ልብስ ሲያነሷት ክታቧን መልሼ አንገቷ ላይ አሰርኩላት። ወረቀቱን ግን ማንም እንዲያየው ደረቷ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩት።

የት እንደደረሰች አላውቅም። እኔ ስምንት ወር ቆየሁ። መዝገቤ ላይ የተጻፈው የአስተርጓሚው ቃል ነው።

አሁንም እዚያው ገበያ ሻይ እሸጣለሁ። ባለፈው ጾም ያ አስተርጓሚ በከዘራ እየተደገፈ መጣ፤ እግሩ አብጧል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሆስፒታል ወረቀት ዘረጋልኝ።

«እትዬ፣ እባክሽ አንብቢልኝ። ሐኪሞቹ ደፍረው አይነግሩኝም።»

«ኔፍሮ» ኩላሊት ነው፤ «ፓቲ» ሕመም። ከሥሩ ያለው የባሰ ነበር። ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት።

«ይኼን ብቻ ነው የሚለው?»

«ይኼን ብቻ ነው። እኔ ከራሴ አልጨምርም።»

አንገቱን ደፋ። ቆሞ ነበር፤ ተቀመጥ አላልኩትም።