መካ ያልደረሰው ኡስታዝ

ከሊል ኮምቦልቻ ሳለ ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሯል። ጅዳ የገባው ግን በሾፌር ቪዛ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ቪዛውን ካወጣለት አሠሪ፣ ከከፊሉ ጋር ተጣልቶ ከቤት ሲወጣ፣ ሰውየው «ጠፍቶብኛል» ብሎ አስመዘገበውና ሁሩብ፣ ማለትም ኮብላይ ሆነ። ሁሩብ የተባለ ሰው የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ ኪሱ ውስጥ ቢኖርም እንደሌለው ይቆጠራል። ሥራ መቀየር አይችልም፤ ልውጣ ብሎ አገሩ መግባትም አይችልም፤ ፍተሻ ባለበት መንገድ ማለፍማ አይታሰብም። ስለዚህ ከሊል በኒ ማሊክ የሚባል የጅዳ ሰፈር ውስጥ ይኖራል። እዚያው የሴራሚክ መጋዘን ውስጥ ይጭናል፣ ያራግፋል፤ እዚያው ይሰግዳል፤ እዚያው ይተኛል። ትልቁን አስፋልት ከተሻገረ ወራት አልፈዋል።

አርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ግን ኡስታዝ ነው። ሙሐመዲን የሚባል የአገሩ ሰው የተከራየውን ክፍል ፍራሽ አንስቶ ይለቅለታል፤ ከሊልም አዲስ ለመጡ ልጆች ዐረብኛ ያስተምራል። ፊደሉንና ሰዋስውን ከልጅነቱ መስጊድ ተቀምጦ ተምሮታል። የጅዳውን አነጋገር ደግሞ ከፊሉ ቤት ሲታዘዝና ሲሰደብ ለምዶታል።

ከተማሪዎቹ አንዷ ወለላ ናት። ሳፋ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ማዳሟ አርብ ከሰዓት እናቷ ዘንድ ስትሄድ ትለቃታለች። አንድ አርብ ዐይኗ አብጦ መጣች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት።

«የማዳሜን ጥቁር ዐባያ በክሎሮክስ አጠብኩት። ቀይ ሆኖ ወጣ።»

«ክሎሮክስ አታስነኪው አላለችሽም?»

«ብላኛለች። እኔ ምን እንዳለችኝ አልገባኝም፤ ዝም ብዬ አይዋ፣ አዎ አልኳት። ሁሌም አይዋ ነው የምላት።»

«ታዲያ አልገባኝም አትያትም ነበር?»

«በምን አፌ ኡስታዝ? አልገባኝም የሚለውን መቼ አስተማሩኝ?»

ከሊል ድስት፣ መጥረጊያ፣ ፍሪጅ፣ ጓዳ እያለ ስንት ቃል አስጠንቷታል። ከሁሉ በፊት የምትፈልገውን ግን አልሰጣትም። ያን ሳምንት ሴራሚክ እየተሸከመ ያሰበው ይህንኑ ነበር።

በሚቀጥለው አርብ የክፍሉ ወለል ላይ በጠመኔ ቤት ሣለ፤ ሳሎኑን፣ ኩሽናውን፣ መታጠቢያውን። አንዱ ተማሪ ማዳም ይሆንና በጥድፊያ ያዝዛል። ታዛዡ ካልገባው እግሩን ማንቀሳቀስ ክልክል ነው። «ማ ፈሂምት» ብሎ አልገባኝም ይላል፤ «ሽወያ ሽወያ» ብሎ ቀስ ያስብላል፤ «መራ ታኒያ» ብሎ ያስደግማል። እነዚህን ሦስቱን ሳይል የተንቀሳቀሰ ከቤቱ ይወጣል። መጀመሪያ ቀን ሁሉም ወጡ። በሦስተኛው አርብ ወለላ ማዳም የሆነውን ጎረምሳ አራት ጊዜ አስደግማው ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ከሊል ይህን በድምፅ ቀድቶ ቴሌግራም ላይ ላከው። ጅዳና መካ ሆነው ቋንቋ የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን የተሰባሰቡበት ግሩፕ ነው። እዚያ እንግሊዝኛ የሚያስተምር አለ፤ ዐረብኛ ለውጭ ሰው የሚያስተምር አለ፤ ጅዳ ለተወለዱ ልጆች አማርኛ የሚያስተምርም አለ። አንዱ ክፍል ውስጥ የሠራለትን ይናገራል፣ ሌላው ይሞክረዋል። ግሩፑን የከፈተችው ዩስራ ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ አሁን መካ ውስጥ ከየአገሩ ለመጡ ሴቶች ዐረብኛ የምታስተምር ናት። በሳምንቱ ድምፅ ላከችለት።

«ኡስታዝ ከሊል፣ ወላሂ ሠራልኝ! አፏን ከፍታ የማታውቅ አሮጊት ተማሪ አለችኝ። ዛሬ እኔኑ አስቁማ ሽወያ ሽወያ አለችኝ።»

ከሊል ድምፁን ደጋግሞ ሰማው። መጋዘን ውስጥ ስሙን እንኳ የሚጠራው የለም፤ «ሐበሺ» ነው የሚሉት። እዚያ ግሩፕ ውስጥ ብቻ የሙያ ሰው ነበር። ለዚህም ይመስላል ስለ ወረቀቱ አንድም ቀን ትንፍሽ ያላለው።

መምህራኑ በየሁለት ወሩ ቅዳሜ መካ፣ ዩስራ ቤት ይገናኛሉ። ጠሩት። አሞኛል አለ። ሁለተኛ ጠሩት፤ ሥራ በዛብኝ አለ። በሦስተኛው አንዱ መምህር ግሩፑ ላይ «ኡስታዝ ከሊል ኩራት ቢጤ ሳይኖርበት አይቀርም» ብሎ ጻፈ። ቀልድ ነበር፤ ከሊልን ግን አጥንቱ ድረስ ዘለቀው። መካ እኮ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። ጅዳ እየኖረ ሐረሙን፣ የካዕባን መስጊድ፣ ካየ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አገር ቤት ያለች እናቱ በደወለች ቁጥር «ካዕባ ዘንድ ዱዓ አድርግልኝ» ስትለው «እሺ እማ» ይላታል።

በአራተኛው ቅዳሜ ተነሣ። ነጭ ጀለቢያውን አጥቦ ለበሰ፣ ጠመኔውን ኪሱ ከተተ፣ መንገደኛ የሚሰበስብ መኪና ውስጥ ገባ። ከተማው እስኪያልቅ በመስኮት እያየ እንደ ልጅ ደስ አለው። የመካ ተራሮች ከሩቅ ብቅ ሲሉ ሹፌሩ ወደ ኋላ ዞረና «ያላ፣ ኢቃማ አዘጋጁ፤ ፍተሻ ደርሰናል» አለ።

ሌሎቹ ኪሳቸው ገቡ። የከሊል እጅ ጠመኔው ላይ ቀረ።

«አቁምልኝ» አለ።

«እዚህ በረሃ ላይ?»

«አዎ። እዚሁ አውርደኝ።»

ሹፌሩ ገባውና ዳር ያዘ። ከሊል ወረደ፤ መኪናው ጥሎት ሄደ። ፀሐዩ ከአስፋልቱ ላይ ይጋረፋል። ወደ ፊት ቢሄድ ፖሊስ ነው፤ ወደ ኋላ ቢል በኒ ማሊክ። ድልድይ ጥላ ሥር ተቀምጦ ለዩስራ ደወለ።

«ደረሱ? ሁሉም እየጠበቀዎት ነው» አለችው።

«አልደርስም፣ እህቴ። ሁሩብ ነኝ። መቼም አልደርስም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«ከናንተ ጋር ስሆን መምህር ብቻ ነበርኩ። እሱን ማጣት አልፈለግሁም።»

ወደ ጅዳ በሚያልፍ መኪና ተመለሰ። በሚቀጥለው አርብ ሙሐመዲን ስልኩን መስኮቱ ላይ አቆመለት፤ መካ ያሉት መምህራን ደግሞ ዩስራ ሳሎን ውስጥ ስክሪን ከበው ተቀመጡ። ከሊል አስተማረ። ወለላ እነሱ እያዩ ኩሽናና ሳሎን ተመላለሰች። ሲጨርስ ዩስራ የራሷን ነገረችው፦ «እኔ ቀድሜ አላዋቂ እሆናለሁ። በአገራቸው ቋንቋ ያናግሩኛል፤ እኔ ማ ፈሂምት እላለሁ። መምህሯ ሳታፍር ሲያዩ እነሱም ማፈር ይተዋሉ።» ከሊል እዚያው ሞከረው። አንድ ልጅ በአፋርኛ አናገረው፤ ኡስታዙ «ማ ፈሂምት» አለ፤ ተማሪዎቹ በሳቅ ተንከተከቱ።

ከዚያ ዩስራ መምህራኑ ያመጧቸውን ዘዴዎች በአንድ ትንሽ መጽሐፍ ልታሰባስብ እንደሆነ ነገረችው። «የእርስዎ መጀመሪያ ላይ ይገባል። ስምዎን በሙሉ ይላኩልኝ።»

ከሊል ክፍሉን አየ። ከውጭ ጫማ የሚያስቀምጡበትን በር አየ። ስሙ ከበኒ ማሊክ ጋር አብሮ ከተጻፈ ፖሊስ ይህችን ክፍል ለማግኘት ብዙ አይፈጅበትም።

«ስሜን ተዪው» አላት።

«ሀራም ነው እኮ፣ የእርስዎ ሥራ ነው!»

«የኔ ነው። ግን ተዪው።»

መጽሐፉ ውስጥ የሱ ዘዴ «ከጅዳ አንድ መምህር» ተብሎ ወጣ። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ጧኢፍ ከተማ የምታስተምር ሀጀር የምትባል አዲስ መምህርት ወደ ግሩፑ ገባች፤ ከመጽሐፉ ያነበበችውን የጠመኔ ቤትና ሦስቱን ቃላት ከሀ እስከ ፐ ካስረዳች በኋላ «ይህን የሞከረ አለ?» ብላ ጠየቀች። ከሊል የምሳ ሰዓቱ ነበር፤ የሴራሚክ ካርቶን ላይ ተቀምጦ አነበበው። መልሱን ጻፈ፣ አጠፋው፣ እንደገና ጻፈ።

«ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል። ማዳም የሚሆነውን ግን በየጊዜው ቀያይሪ። አንድ ሰው ብቻ ካዘዘ የሚለምዱት የሱን ድምፅ ብቻ ነው።»

«ጀዛከላህ ኸይር ኡስታዝ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር» አለችው። የመጋዘኑ ሰው ከውስጥ «ያ ሐበሺ!» ብሎ ተጣራ። ከሊል ስልኩን ኪሱ ከቶ ተነሣ፤ መኪና ሙሉ ዕቃ መጥቶ ነበር።