ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ሟቹ በር ከፈቱልኝ

ዛሬ ጎፋ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው በር የከፈቱልኝ ሟቹ ራሳቸው ናቸው።

እንደምታውቁት ነርስ ለየቤቱ የሚልክ ድርጅት ቢሮ ነው የምሠራው። እኚህን አባት የምታስታምመው ሲስተር ሰናይት ትናንት ደውላ «እትዬ፣ ጋሼ አረፉ» ብላ አልቅሳ አስለቀሰችኝ። ፋይላቸውን ዘጋሁ።

ነጠላዬን ዘቅዝቄ ሲያዩኝ «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?» አሉኝ። «እርስዎ» አይባል ነገር።

ሰናይት አጥሚት ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። ለካ ሞቱ ብላ ፋይላቸውን ያዘጋችኝ፣ ከእኛ ተደብቃ በቀጥታ ለእሳቸው ልትቀጠር ነው። እዚያ ቤት እጇን ይዤ ያስገባኋት እኮ እኔ ነኝ። ብትነግረኝ መርቄ እሸኛት ነበር።

«የማምናት እህት ሞታብኝ ነው» ብያቸው ወጣሁ።

እናንተንስ ያመናችሁት ሰው እንዲህ አስለቅሷችሁ ያውቃል? እስቲ አውሩኝ፣ እኔ እንደሆነ ነጠላዬን ገና አላቃናሁም።