ራኩባው ሥር የቀረው ሳጥን

ባጃጅ ተርተር ብሎ ሲነሳ በሰማሁ ቁጥር ካርቱም፣ ዴም ሰፈር የነበረው ግቢያችን ይመጣብኛል። እዚያ ረክሻ ነበር የምንለው።

ብዙ ተከራዮች በአንድ ሆሽ፣ በአንድ ግቢ እንኖር ነበር። የእናቴ፣ የታላቅ ወንድሜ የሰይድና የእኔ ክፍል በሩ አጠገብ ነበረች። ከበሩ ገባ ሲባል ራኩባ የምንለው የቆርቆሮ ጥላ ነበር፤ ከእሱ ወዲያ ያለው መተላለፊያ ጠባብ ስለነበር ዕቃ የሚቀመጠው እዚያው ጥላው ሥር ብቻ ነበር።

በበጋ፣ ሙቀቱ ቤት አላስቀምጥ ሲል፣ እዚያ ከተደረደሩት ሻንጣዎች ጎን አልጋ አውጥተን እንቀመጥ ነበር። ሻንጣዎቹ ሪያድና አል-ጣኢፍ በሚባሉት የካርቱም ሀብታም ሰፈሮች ሰው ቤት ተቀጥረው እዚያው የሚያድሩ የወሎ ሴቶች ንብረት ነበሩ። ጁምዓ ዕረፍት ሲወጡ መጥተው፣ ለአገር ቤት የገዙትን ጨምረው፣ ቆልፈው ይሄዱ ነበር። የሚጠብቁላቸው እዚያው ግቢ የሚኖሩት እትዬ ዘሃራ ነበሩ። የሰው ሻንጣ ከባለቤቱ በቀር ማንም አያንቀሳቅስም፤ አንዴ ሌላ እጅ ከነካው፣ አንድ ሻሽ ቢጠፋ ግቢው በሙሉ ሌባ ይሆናል ይሉ ነበር። ሁላችንም እንስማማ ነበር።

ኸሪፍ፣ ዝናቡ፣ ሊገባ ሲል ሰይድ የሚነዳው ረክሻ አገኘ። ባለቤቱ ሱዳናዊ ሐጂ ነበሩ፤ ከግቢ ውስጥ ካላደረ እወስደዋለሁ ብለው ሰጡት። ሰይድ እናታችንን ከሰው ቤት ሥራ አስወጣታለሁ ይል ነበር። ቦታ ያለው ግን ራኩባው ሥር ነው። በጁምዓ ሴቶቹ ተሰብስበው ብዙ ተጨቃጨቁ። አንዷ «ሰይዶ፣ ረክሻህ ሻንጣዬ ላይ ዘይት ቢተፋ አንተን ነው የማሳጥብህ» ስትለው ተሳሳቁና፣ እያንዳንዷ የራሷን አንስታ እትዬ ዘሃራ ክፍል አስገባች።

ከሴቶቹ የአንዷ፣ የፋጡማ ሳጥን ቀረ። አል-ጣኢፍ ያለችው እመቤቷ ስለወለደች ዕረፍት ከልክላት ነበር። ሳጥኑ ደግሞ ከሁለቱ ምሰሶዎች መሀል ነው፣ ረክሻ አያስገባም።

«አብሽር፣ በሚመጣው ጁምዓ ትመጣለች፣ ኢንሻአላህ» አሉት እትዬ ዘሃራ።

አልመጣችም። ኸሪፉን ሙሉ አልመጣችም። ስልክ አልነበራትም፣ የእመቤቷንም ቤት የሚያውቅ አልነበረም። ሰይድ ረክሻውን በር ላይ አቁሞ፣ እንዳይሰረቅበት ውስጡ ተኮራምቶ ያድር ነበር። ዝናቡ በጎን ይገባበታል፣ ከመንገዱ ኩሬ ትንኝ ይነሳበታል፣ ሐጂውም ሲያልፉ ቆጣ ይሉበታል። እናቴ አንድ ቀን መሯት ሳጥኑን ልትገፋ ስትል ሰይድ እጇን ያዛት።

«ተይው እማ። ሳትኖር አንነካባትም።»

ከዚያ ወባ ያዘው። እንዴት እንደሆነ በዝርዝር መናገር አልችልም፤ ሞክሬ አውቃለሁ። ዝናቡ ሳያባራ ሞተ።

ብርዱ ሲገባ ፋጡማ መጣች። ሰይድን ከሰላምታ በቀር አታውቀውም ነበር። ሁሉንም ነገሯት። ሄዳ ሳጥኑን በአንድ እጇ ገፋችው። ሄደ። ቀላል ነበር።

«ገፋ ብታደርጉት እኮ ምንም አልልም ነበር» አለች፣ ማናችንንም ሳታይ።

 

አሁን አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። እዚህም ስብሰባው ሁሉ የመኪና ማቆሚያና ደረጃ ሥር የተቀመጠ ዕቃ ነው፤ ሰው ይሰዳደባል፣ ኮሚቴው ይደክመዋል። ጎረቤት ድሮ ቀረ የሚሉ አሉ። እኔ እንጃ። እዚያ ሆሽ ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እርስ በርስ እንዳንጠራጠር ብቻ በጣም እንጠነቀቅ ነበር። ባለፈው፣ ክፍለ ሀገር የሄደ ሰው ሶፋ መውጫውን ዘግቶ፣ ይነሳ ወይስ ባለቤቱ ይጠበቅ ተባለ። ሰዉ ሲያመነታ፣ ይነሳ ብዬ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ዞር ብለው አዩኝ። ጨካኝ ሳልመስላቸው አልቀርም።